በግራ በኩል ያለው ክምር

ራጅ አንሺዋ ጆሮዋን ሳተላይት በሚሉት በምትወደው ሰው ደረት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳረፈችው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ምንም አልሰማችም።

ጆሮዋ የደነዘዘ መስሏት ጭንቅላቷን ትንሽ ፈቀቅ አደረገች። ሸሚዙ ይሞቃል። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ በባዶ ቤት ውስጥ እንደሚያልፍ ነፋስ ይሰማታል። ከነፋሱ ሥር ግን መኖር የነበረበት ነገር የለም።

«ምነው ጭጭ አልሽ?» አላት።

«እየሰማሁ ነዋ።»

«እና ምን ይላል?»

«ራበኝ ይላል።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ የሷ ሳቅ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ያው የምትወደው ፊት ነው፤ ዓይኑ ብሩህ፣ ከንፈሩ ቀይ። ሕይወት ያለው ሰው ነው። ታዲያ ልቡ የታለ?

አባቷ ካረፉ ዓመት ሞልቷቸዋል። የአምቡላንስ ሾፌር ነበሩ፤ ስንቱን አድርሰው የራሳቸውን ሞት ግን በቤታቸው አልጋ ላይ ጠበቁት። ያን ዕለት ጠዋት ጆሮዋ ደረታቸው ላይ ነበር። ልባቸው ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ አንድ እርምጃ ሄዶ ያርፋል፣ አንድ ሄዶ ያርፋል። ከዚያ አረፈ፤ እሷም ቀጣዩን እርምጃ ጠበቀች። ክንዷን ይዘው ሲያነሷት እንኳ እየጠበቀች ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ እሁድ ድረስ መጠበቋን አላቆመችም። ስለዚህ የምትወደው ሰው ደረት ዝም ሲላት፣ ይህ ዝምታ በሩን ሳያንኳኳ ተከትሏት የገባ መሰላት።

የተኙበት ክፍል ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሐሳብ የተመቸ ነው። እሱና እናቱ በሚኖሩበት ትልቅ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አሥራ ዘጠኝ የጠፈር መንኮራኩሮች ነበሩ። አንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ከጣሪያው በክር ተንጠልጥሏል። ሁሉም ልጆች በሚጫወቱባቸው የፕላስቲክ ጡቦች የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱም የፈጠራ አይደለም። በእውነት ተሠርተው ወደ ጠፈር የተላኩ መንኮራኩሮች አምሳያ ናቸው። ትንሹ ጫማ ያክላል፤ ትልቁ ክንፉን ሲዘረጋ የበር ስፋት አለው። እያንዳንዱ ሥር ትንሽ ወረቀት አለች፤ የተላከበት ቀን፣ ከሥሩ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረበት ቀን።

«የሞቱትን ብቻ ነው እንዴ የምትሠራው?» ብላ ጠይቃው ነበር አንድ ቀን።

«አልሞቱም እኮ። መልስ መስጠት ነው ያቆሙት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ፣ የሞተን ሰው አይጠሩትም። እነዚህን ግን ወራት ሙሉ ይጠሯቸዋል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጠርተው ያዳምጣሉ። ተስፋ የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው።»

እሱም አንዱን ሠርቶ በጨረሰ ቁጥር መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ያዳምጠዋል። ለዚህ ብሎ የሁሉንም አንቴና ወደዚያ ወንበር አዙሮታል። ወንበሩ ባዶ ሲሆን አሥራ ዘጠኙም ባዶውን ያያሉ።

በሥራው ካርታ ሠሪ ነው። ሳተላይት የሚለውን ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ሲጠሩት መልሱ እንደ ሩቅ ሳተላይት ቆይቶ የሚደርስ ስለሆነ። ከራጅ አንሺዋ ጋር የተዋወቁት እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ነው። ለሕፃናቱ መጠበቂያ ክፍል አንድ መንኮራኩር በስጦታ አምጥቶ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጥ፣ ከጎኑም የእውነተኛውን ፎቶ ሲያቆም፣ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች።

«ይሄ ተገልብጧል» አለችው።

«ምኑ?»

«ፎቶው። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር እየው፤ ወደ ኋላ ነው የሚነበበው። አንተም እሱን አይተህ ቀኙን ግራ አድርገህ ሠርተኸዋል።»

አራት ወር የደከመበት ሥራ ነው። ፎቶውን አየ፣ ጡቦቹን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መንኮራኩሩን ከክንፉ ጀምሮ ይነቅል ጀመር።

«ቤቴ ስንቱ ሰው አይቶታል» አለ እየነቀለ፤ «አንድ ሰው አልነገረኝም።»

«የኔ ሥራ ነዋ። እኔ ቀኝና ግራ ካምታታሁ የሰው ደህና እግር ይቆረጣል።»

«እንግዲያው አጠገቤ ቁጭ በይ» አላት። ተቀመጠች።

አንድ ልማድ ነበረው፤ እሷ መጀመሪያ ስታየው ደስ ያላት፣ ኋላ ግን የሚቀፋት። መሥራት ከመጀመሩ በፊት ጡቦቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል። አንዱን ክምር ከፊቱ፣ አንዱን በግራ በኩል፣ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስል ከባዶ ወንበር ፊት። በግራ ያለውን የሚነካው የፊቱ ካለቀ በኋላ ነው።

«ለማን ነው?» ስትለው፣

«መንኮራኩር ሁሉ ነገሩ ጥንድ ነው» አላት። «ኮምፒውተሩ ሁለት፣ ሬድዮው ሁለት። ጎን ሀ፣ ጎን ለ ይሏቸዋል። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይነሳል።» ካለ በኋላ ቆይቶ፣ «እኔ ግን ይሄን ከማወቄ በፊትም እንዲሁ ነበር የማደርገው። ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለ።

ከእሁዱ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤ ደረሳት። ከእናቱ ነው። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ሰፈሩ አሁንም «ዳኛዋ» ነው የሚላቸው።

«ከልጄ ጋር ያለሽን ነገር ሰምቻለሁ። ስለ ጨዋነትሽ ጠይቄ ክፉ የነገረኝ የለም። ቢሆንም ይህ ነገር ይቁም። ሠላሳ ዓመት ለውሳኔዬ ሁሉ ምክንያት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ለዚህ ግን አልጽፍም።»

ከሥሩ አንድ መስመር ጽፈው ሰርዘውታል። ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው መቼም መብራት አያጣም፤ ወረቀቱን የራጅ ማያው ላይ ለጥፋ አበራችው። «ሌላ ሥራ ቢኖርሽ ኖሮ» ይላል።

ሲስተር በትከሻዋ ላይ ተንጠራርታ አነበበችው። ሲስተር የክፍሉ ነርስ ናት፤ ነገርን አታለሳልስም።

«ሥራሽ ደግሞ ምን ሆነ? ልጃቸውን ለንጉሥ ልጅ አስበውት ነው?»

«የሾፌር ልጅ ነሽ ማለት ከብዷቸው ይሆናል።»

«አይ፣ እዚህ ላይ አባት የሚል የለም። ሥራ ነው የሚለው። እኔ እንደሆንኩ እሳቸውን አንድ ቀን እዚህ አስተኝቼ ውስጣቸውን ባየው ደስ ይለኛል። ድንጋይ ሳይኖር አይቀርም።»

ራጅ አንሺዋ አልሳቀችም። ውርደቱ ፊቷን አቃጠለው። ከውርደቱ በታች ደግሞ ያ ዝምታ ነበር፤ ለማንም ያልተናገረችው።

ሳተላይት ረቡዕ ጠዋት ጎኑን ይዞ፣ እንደ አሮጊት ጎብጦ መጣ።

«መንኮራኩር ላስተካክል ወንበር ላይ ወጥቼ ወደቅኩ። እንዳትስቂ።»

«ሐኪም አየህ?»

«አሁን አየኝ፤ ወደ ራጅ ሂድ ብሎ ላከኝ። አደራ፣ እናቴ እንዳትሰማ። ሐኪም ቤት ስረግጥ አትወድም። ልጅ ሆኜም ሲያመኝ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበር እቤታችን ድረስ የምታስመጣልኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ አሞኝም አላውቅ።»

«ራጅ ተነስተህ አታውቅም?»

«አንድ ቀንም።»

ሸሚዙን አውልቆ ደረቱን ከሰሌዳው ጋር አስጠጋ። በሥራዋ ደንብ መሠረት ከእርሳስ ማዕድን የተሠራውን ምልክት ፊደል በቀኙ በኩል ለጠፈች፤ ፊልሙ ላይ ቀኙ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። ከመስታወቱ ኋላ ገባች።

«ትከሻህን ወደ ፊት። ትንፋሽ ሳብ። ያዝ።»

ማሽኑ ጮኸ። «ተንፍስ» አለችው።

ፊልሙ ከማጠቢያው ሲወጣ መብራቱ ላይ ሰቀለችው። ሰባተኛ ጎድኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየች። ቀላል ነው። ከዚያ ልቡን አየችና፣ «ምነው፣ ምን ነካኝ፣ ገልብጬ ሰቀልኩት» ብላ ፊልሙን አዞረችው። አሁን ልክ ሆነ። ልቡ ሁላችንም ዘንድ ባለበት በግራ ተቀምጧል። እፎይ ብላ ስሙን ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳች።

ያኔ የእርሳሱን ፊደል አየችው። ተገልብጦ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ ልኩ የመጀመሪያው አሰቃቀሏ ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ምናልባት ፊደሉን በተሳሳተ ጎን ለጥፋው ይሆናል፤ ምንም እንኳ እሷ ስትሳሳት ታይቶ ባይታወቅም። ተመልሳ ገባች። ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ በግራ ትከሻው ላይ በፕላስተር ለጠፈች።

«ምነው ሁለቴ? ቆንጆ ወጣሁ መሰለኝ» አላት።

«ተንቀሳቅሰሃል» አለችው። የመጀመሪያው ውሸቷ ይህ ነበር። «ትንፋሽ ሳብ። ያዝ።»

ሁለተኛው ፊልም ወጣ። ሳንቲሙ በግራ ትከሻው ላይ እንደ ትንሽ ጨረቃ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ልቡ ከሱ ማዶ ነው፤ በቀኝ። ጨጓራው ውስጥ ያለው አየር እንኳ በቀኝ ነው። የደረቱ ውስጥ ሁሉ አንድ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ የተወው ምስል ይመስላል። እሁድ ዕለት ልብ በሌለበት ጎን ስታዳምጥ እንደዋለች ያኔ ገባት። እፎይታ ሊሰማት ሲገባ ጀርባዋን ብርድ ዳሰሳት።

«ጎድንህ ተሰንጥቋል፤ ሁለት ሳምንት ታርፋለህ» ብላ ዓይኑን ሳታየው ሸኘችው። ሌላውን ነገ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። እንዴት እንደምትነግረው ግን አላወቀችም።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራጅ ክፍሉ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዳኛዋ ናቸው። በልጃቸው ኪስ ውስጥ የሐኪሙን ወረቀት አግኝተው ነው የመጡት። ረጅም ናቸው፣ ጥቁር ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መብራቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉትን ሁለት ፊልሞች አዩ። አልደነገጡም። ራጅ አንሺዋን ያስደነገጣት ይኸው አለመደንገጣቸው ነው።

«ሁለተኛው ለምንድን ነው?»

«የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት።»

«አልተሳሳትሽም» አሉና የበሽተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቢቀመጡም ወገባቸው ቀጥ እንዳለ ነው።

«መንታ ነበሩ» አሉ። «አንዱ ሁለት ቀን ኖረ። በነዚያ ሁለት ቀናት ፊት ለፊት ነበር የሚያስተኟቸው። አንዱ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ሌላው ግራውን ያነሳል። እንደ መስታወት። ያኛው ልቡ እንደ ሰው ሁሉ በግራ ነበር፤ ግን ደካማ ነበር። ይሄኛው በቀኝ ሆኖ እንደ ፈረስ ይጋልባል። ሽማግሌው ሐኪም ‹ልጁ ጤነኛ ነው፣ እንዲህ ሆነው ሰማንያ የሚሞሉ አሉ› አለኝ። አማቴ ግን ቀብር መልስ ጆሮዬ ላይ አንድ ቃል ጣለችብኝ። ‹የተቀበረው የትኛው እንደሆነ በምን አወቅሽ?› አለችኝ።»

ራጅ አንሺዋ ሁለቱን ፊልሞች ከመብራቱ ላይ አንስታ ያዘች። ዳኛዋ ግን አላቆሙም።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሦስት ዓመት ሲሆነው መጫወቻውን ለሁለት ሲከፍል አየሁት። አንዱን ክምር በግራው አስቀምጦ አይነካውም። ‹ለማን ነው?› አልኩት። ‹ለሱ› አለኝ። ወንድም እንደነበረው አንድም ሰው ነግሮት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የሚጫወትበት ክፍል ገብቼ አላውቅም። እዚያ ሦስተኛ ፎቅም ወጥቼ አላውቅም።»

«ደብዳቤው ላይ ‹ሌላ ሥራ ቢኖርሽ ኖሮ› ያሉት...»

«ብሰርዘውም አነበብሽው?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያሉ መሰሉ። «አዎ። ከዓለም ሴት ሁሉ መርጦ የሰው ውስጥ የምታይ አመጣብኝ። ደረቱ ላይ የምትተኛ ሴት አንድ ቀን ታውቃለች፤ አንቺ ግን የነገሩን ስም አውቀሽ፣ ፊልም አንስተሽ ነው የምታሳዪው። እኔ ልጄ ሰው ሆኖ እንዲኖር እንጂ መታያ እንዲሆን አልፈልግም። የልቡን ነገር ካወቀ ያኛውን ይጠይቃል። ያኛውን ከጠየቀ አማቴ የነገረችኝን ቃል ዓይኔ ላይ ያየዋል።»

ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«ፊልሞቹን ስጪኝ። ጎድኑ ብቻ ነው በይው። እኔም ሠርጋችሁን በገዛ እጄ እደግሳለሁ። ልጄ ብዬ እቀበልሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ የአባትሽን ሥራ የሚያነሳ ሰው እኔን ነው የሚያስቀይመው።»

የምትመኘው ሁሉ እፊቷ ተዘረጋ። ዋጋው አንድ ዝምታ ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ቀላል ነገር ነው፤ ምንም ማድረግ አይጠይቅም።

«አንድ ቀን መኪና ቢገጨውስ?» አለች በቀስታ። «ራሱን ስቶ ቢመጣ፣ ሐኪሙም ልቡን በግራ ቢፈልገውስ?»

«እስካሁን አልሆነም።»

«እርስዎ ችሎት ላይ እንዲህ ያለ መልስ ይቀበሉ ነበር?»

 ዳኛዋ ተነስተው ቦርሳቸውን ዘጉ። «እስከ ነገ አስቢበት» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብርሃኑ አመድ መስሏል። ሳተላይት ጎኑን በፋሻ አስሮ ሃያኛውን ጀምሯል። ሁለቱ ክምሮች ተዘርግተዋል፤ አንዱ በፊቱ፣ አንዱ በግራው። ፊልሞቹን ጉልበቷ ላይ ይዛ ከባዶው ወንበር ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«የዚህኛው ሆዱ አስቸግሮኛል» አላት ቀና ሳይል። «ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል ማግኘት አልቻልኩም።»

«ከላይ ይሸፈን የለ? ማን ያየዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ። የማላውቀውን ከምዋሽ ባዶ ብተወው ይሻላል።»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። ፊልሙን መስኮቱ ላይ፣ ዝናቡ በሚወርድበት መስታወት ላይ ያዘችለት። ሳንቲሙን አሳየችው። ልቡንም አሳየችው። እንደ ሥራዋ፣ በእርጋታ፣ በጣቷ እየነካች አስረዳችው። እጁ መጀመሪያ ወደ ግራ ደረቱ ሄደ፤ ቆየና እንደ ዓይነ ስውር እየዳበሰ ወደ ቀኝ ተሻገረ። እዚያ ቆመ።

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እናትህ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድክ ጀምሮ።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን እሳቸው ይንገሩህ።»

«ሌላ አለ ማለት ነው።» ዓይኑ በግራው ባለው ክምር ላይ አረፈ። ለምን ወደዚያ እንዳየ እሱም ያወቀ አይመስልም። «እንዳትነግሪኝ ብላሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ልትሰጥሽ?»

 «አንተን» አለች።

እጁ ውስጥ የነበረችውን ጡብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሂጂልኝ» አላት።

ወጣች። ደረጃው አጋማሽ ላይ ዳኛዋ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። የሚቆጧት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።  እሳቸው ግን ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አሳቀፏትና፣ አግዳሚውን ይዘው፣ ከዚያ በፊት ረግጠውት ወደማያውቁት ፎቅ አንድ አንድ እያሉ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ራጅ አንሺዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መሄድ አቃታት፤ መቆየትም መብት ያላት አልመሰላትም። ከላይ የዳኛዋ ድምፅ መጣ፤ ችሎት የሚያስተዳድረው ድምፅ አይደለም፣ ልጅ የሚያስተኛ ድምፅ ነው። ሁለት ስም ጠሩ። አንዱን ታውቀዋለች። ሌላውን አታውቀውም። ሁለተኛው ስም በተጠራ ቅጽበት የጡቡ ክምር ከጠረጴዛው ላይ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ድምፁም ዝናብ ቤት ውስጥ የገባ ይመስል ረዘመ። ማን እንደገፋው አላየችም። ከዚያ አንድ ሰው አለቀሰ፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው። ስንት ሰው እንደሚያለቅስ መቁጠር ጀምራ ፈራችና ተወችው።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሳተላይት ወርዶ ከሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል። ወደ ኋላ አላያትም።

«ተናድጄብሻለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ነገም የምናደድብሽ ይመስለኛል።»

«ነገም እመጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ ተረኛ ነኝ። ማታ ማታ ትናደዳለህ።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቀችም። እሷም ውስጧ ያለው ደስታ ይሁን ፍርሃት መለየት ተሳናት። ምናልባት ሁለቱ ከጥንትም የተለያዩ አልነበሩም። የእናቱን ቦርሳ እንዳቀፈች፣ አንድ ደረጃ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠበብ አለ እንጂ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር።